በማማው ሥር ሦስት እንቁላሎች

ሰውየው ከማማው ሥር በደረቱ ተደፍቷል። አንገቱ ተሰብሯል፤ የሩቅ መመልከቻ መነጽሩ አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚህ የበረሃ ፓርክ ሠራተኛውም ቱሪስቱም «ንስሩ» ይሉት ነበር፤ ሌላው ድንጋይ ባየበት ቦታ እሱ ነብር ያያል። የገዛ ሞቱን ግን ሳያይ ቀረ።

መርማሪዋ ከከተማ ስትደርስ ረፋድ ላይ ነበር። ሃምሳን የተሻገረች፣ ሙቀት የምትጠላ፣ ከሙቀትም ይልቅ ከእሷ ቀድሞ ፍርድ የሚሰጥ ሰው የምትጠላ ሴት ናት። አለቃዋ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ሳለች በስልክ ፈርዶ ጨርሷል፦ «ሚስቱ ትናንት እራት ላይ በሰው ፊት 'እገልሃለሁ' ብላዋለች። እስከ ስድስት ሰዓት ይዘሻት ነይ።»

ለእሷና ለሾፌሯ የፓርኩን በር የከፈተላቸው የሟች አማት ነው። ሠላሳ ዓመት ዱካ ሲያነብ የኖረ፣ ንስሩንም ከልጅነቱ ያሠለጠነ ሽማግሌ ነው። ወደ መኪናው መስኮት ተጠግቶ ጢማሙን የፖሊስ ሾፌር «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አለው።

ሾፌሩ ጢሙን ዳበሰ። መርማሪዋ ሳቋን ዋጠችና «አባባ፣ ማማው ጋ ዛሬ ሄደው ነበር?» አለች።

«እኔ? ከሦስት ወር ወዲህ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ዓይኔ ከደከመ ጀምሮ የበር ዘበኛ አድርገውኛል። ማማው የንስሩ ነው።» የንስሩን ስም ሲጠራ ከንፈሩ ተጣመመ።

ማማው ከበሩ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ከፓርኩ ብቸኛ ውሃ አጠገብ ቆሟል። መርማሪዋ ላይ ወጥታ አጥሩን ለካች፤ ደረቷ ድረስ ይመጣል። ሰው እንዲህ ካለ ቦታ እንዲሁ ተንሸራቶ አይወድቅም።

ስትወርድ ሬሳውን ያገኘው ምክትል አስጎብኚ እጁን እያፍተለተለ ይጠብቃታል። «እኔ ብቻውን ነው የወደቀው እላለሁ። ሁልጊዜ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ አሮጌ ጎማ በገመድ እየጎተትኩ አሸዋውን አብሳለሁ። ሌሊት የመጣው አውሬ ሁሉ ዱካውን ጥሎ ያድራል፤ ጠዋት አንብበን ቱሪስቶቹን እንመራለን። ይኸው ይመልከቱ፣ ጠዋት እኔ ከረገጥኩት በቀር የሰው ዱካ የለም።»

«ንስሩ ማማው ላይ የወጣው መቼ ነው?»

«ከእራት በኋላ። ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ እዚያው አደረ።»

«አንተ ካበስክ በኋላ ማለት ነው። ታዲያ የእሱ ዱካ የታለ? ስሙ ንስሩ ስለሆነ በረረ እንዴ?»

ምክትሉ አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ።

«እሺ፣ የአውሬውስ? በዚህ ድርቅ ውሃ ሊጠጣ የመጣ አንድ ሚዳቋ እንኳ የለም?»

«ወይ ጉድ!» ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ዓይኔ የሰው ዱካ ብቻ ሲፈልግ! ጅቡ እኮ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ጋ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። አንድ ሰው ከዚያ በኋላ እንደገና አብሶታል!»

«አንተ ስታብስ እስከ ማማው እግር ትደርሳለህ?»

«ኧረ አልደርስም፤ እዚያ ድንጋዩ ጋ ስደርስ ነው የምመለሰው።»

ዛሬ ግን የጎማው መስመር እስከ ማማው እግር ደርሷል። መርማሪዋ መስመሩን እየተከተለች ጎንበስ ብላ ሄደች። ከድንጋዩ አለፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ያለምክንያት ወደ ጎን ታጥፎ እንደገና ቀና ብሏል። ጠጋ ለማለት እግሯን አነሣች።

«እግርሽን! እግርሽን ተመልከቺ ልጄ!»

ሽማግሌው ነው፤ ከበሩ ላይ። ወደ ታች ስታይ ከጫማዋ ጫፍ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አሸዋ የሚመስሉ ሦስት የወፍ እንቁላሎች አሉ። ምክትሉም ተደነቀ። «እኔ እንኳ አላየኋቸውም! ይቺ ወፍ ከሃያ ቀን በላይ አትታቀፍም፤ በቅርቡ የጣለቻቸው ናቸው።»

መርማሪዋ እግሯን ወደ ኋላ መለሰች። ነገሩ ግን ለሚስቲቱ ባሰ፤ ጠዋት አደጋ የነበረው አሁን ግድያ ሆኗል።

ሚስቲቱ የካምፑ ምግብ አብሳይ ናት። ሽንኩርት እየከተፈች አገኘቻት፤ የሦስት ዓመት ልጇ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች።

«ብያለሁ» አለች ሳትጠየቅ። «እገልሃለሁ ብያለሁ። ያቺ እንግዳ ፎቶ አንሺ ስትስቅ እሱም ይስቃል። ከእኔ ጋር መቼ እንደዚያ ስቆ ያውቃል? ቀናሁ! አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። ግን እኅቴ፣ አፍ ስንቱን ይላል! ሌሊቱን ከልጄ ጋር ተኝቼ ነበር፤ ጎሕ ሲቀድም ዳቦ እየጋገርኩ ነበር።»

«ማን አየሽ?»

«ይቺ ልጅ።» ቢላዋውን አስቀመጠችና አለቀሰች። «ብትወስጂኝ ለማን ልተዋት? ለአባቴ? እሱ እኮ ሳህኑን እንኳ በእጁ ዳብሶ ነው የሚያገኘው።»

መርማሪዋ ቅናትን ታውቀዋለች፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የባሏን ኪስ ስትበረብር ከጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር በቀር ያገኘችው የለም። ስለዚህ አልፈረደችባትም። «አባትሽና ባልሽ እንዴት ነበሩ?» ብቻ አለቻት።

«ሰላምታ እንኳ ካቆሙ ሦስት ወራቸው ነው። ባሌን ዋና አስጎብኚ፣ አባቴን ዘበኛ የሚያደርገው ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ።»

ፎቶ አንሺዋ ድንኳኗ ውስጥ ተቆጥታ ተቀምጣለች። «እኔ የመጣሁት ለነብሩ ነው። ባሏን ማን ጠየቃት?»

«ማማው ሥር ያሉትን የወፍ እንቁላሎች አይተሻቸዋል?»

«እንቁላል አለ እንዴ?» ካሜራዋን አንሥታ ብድግ አለች። «ባይ ኖሮ እስካሁን መቶ ፎቶ በኖረኝ!»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁሉም በምግብ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ሾፌሩ የመኪናውን ሞተር አስነሥቷል። ሚስቲቱ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ሽማግሌው በሩ አጠገብ ብትሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ንስሩን የገፋው ሰው» አለች መርማሪዋ፣ «ከማማው ወርዶ ዱካውን በጎማ አበሰ። ሲያብስ ግን የሟችንም የአውሬውንም ዱካ አብሮ አጠፋ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ ሥራው የተሠራው ጅቡ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው።»

መርማሪዋ ሦስት ጣቶቿን አነሣች።

«ያ ሰው በዚያ ጥድፊያ ውስጥ እንኳ እንቁላሎቹ ጋ ሲደርስ ጎማውን ዞር አደረገ። እንቁላሎቹ እንዳሉ ያውቃል ማለት ነው። ምክትሉ አያውቅም፤ ድንጋዩ ጋ ይመለሳል። ፎቶ አንሺዋ ብታውቅ ፎቶ ታነሣቸው ነበር። ሚስቲቱ ብታብስ ኖሮ በላያቸው ላይ ትሄድባቸው ነበር፤ የወጥ ቤት ሰው አሸዋ የሚመስል እንቁላል አሸዋ ላይ ከየት ለይታ ታያለች?»

ወደ በሩ ዞረች። «አባባ፣ ከሦስት ወር ወዲህ ማማው ጋ አልደረስኩም ብለውኛል። እንቁላሎቹ ሃያ ቀን አይሞላቸውም። ከንስሩ ጋር አይነጋገሩም፣ ስለዚህ እሱ አልነገርዎትም። ጢማም ሾፌር ሴት የመሰለዎት ሰው፣ በአርባ እርምጃ እግሬ ምን ሊረግጥ እንደሆነ በምን አወቁ?»

ሽማግሌው ብትሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«በእጄ ነው ያገኘኋቸው» አለ በመጨረሻ። «ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ እሄድ ነበር። ከማማው ሥር ተቀምጬ ቱሪስቶቹ ሲያደንቁት እሰማለሁ። ሸምቆ መጠበቅን እኔ አስተማርኩት፣ ነፋስ ማሽተትን እኔ! ትናንት እራት ላይ የእኔን ነብር፣ እኔ ያገኘሁትን፣ 'እኔ ነኝ ያገኘሁት' ብሎ አወራላቸው፤ አጨበጨቡለት። ዛሬ ወጥቼ 'እንዴት ሰው ፊት ትሰርቀኛለህ?' አልኩት። ሳቀብኝ። 'አባባ፣ ይውረዱ፣ እንዳይወድቁ' አለኝ። እንዳልወድቅ! አጥሩ ላይ ተንጠራርቶ ወደ ውሃው ሲያይ እግሮቹን አንሥቼ ገፋሁት። ቀናሁበት ልጄ። በወለድኩት አልቀናሁም፣ ባሳደግኩት ቀናሁ።»

ሾፌሩ ገብቶ የሽማግሌውን ክንድ ያዘ።

ሚስቲቱ ልጇን ለምክትሉ ሰጥታ ተነሣች። አልጮኸችም፣ አልመታችውም። አባቷ ፊት ቆመችና ፊቷን በደንብ እንዲያይ ተጠጋችው።

«አባዬ» አለች። «እኔን ሊወስዱኝ የመኪናው ሞተር ሲነሣ እዚህ ቆመህ ሰምተኸዋል። ለሦስት የወፍ እንቁላል እንኳ ዞርክላቸው። ለእኔ ለምን አልዞርክልኝም?»

ሽማግሌው የልጁን ፊት ሊዳብስ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ወደ ኋላ ተመልሳ ነበር፤ እጁ ባዶ አየር ላይ ቀረ።