የሰይፈሚካኤል ሐረግ

ሠዓሊው ሰይፈሚካኤል አዳማ ውስጥ ሊመረቅ በተቃረበው የአቶ ገመዳ ሆቴል አዳራሽ፣ ከመሰላሉ ሥር ራሱ ተፈንክቶ ሞቶ ከተገኘ ወዲህ ዘመናይ እንቅልፍ አጥታለች። አስከሬኑን ያገኘችው እጮኛው፣ የዘመናይ ልጅ ቤዚ ናት፤ የታሰረችውም እሷው።

ዛሬ ኢንስፔክተር ቢሊሴ ሁሉንም እዚያው አዳራሽ ጠራቻቸው። ዘመናይ ግድግዳውን ቀና ብላ ማየት ፈራች። ሟቹ አርት ኑቮ የሚባለውን የፈረንጅ ጌጥ ከብራና መጻሕፍት ሐረግ ጋር አዋሕዶ የሳለው ተክል፣ በተሳሉ እንጨቶች ላይ እየተጠመጠመ በሩን አልፎ እስከ መስኮቱ ይዘልቃል። ሰው ዞር ሲል የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ከቅጠሎቹ መሃል አንድ ሰው የሚያያት መሰላት።

«አቶ ገመዳ፣ የሞተ ዕለት ጠዋት ሲያዩት ሥዕሉ የት ደርሶ ነበር?»

«በሩ ጋ። ከዚያ እኔ ዱከም ሄድኩ።»

ንድፎቹን በኮምፒውተር የሚያዘጋጀው የሟች ሸሪክ ሐዲስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ቀትር ላይ በሰላም ተሰናብቼው ሞጆ ወረድኩ። ከበሩ እስከ መስኮቱ በእጅ ለመሳል ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እስከ ማታ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ማታ የመጣችው ደግሞ ቤዚ ናት።»

«ሞቶ ነው ያገኘሁት!» አለች ቤዚ።

«እስከ ማታ ልጆች ስታስተምር ነው የዋለችው፤ ተማሪዎቿን ይጠይቁ፣ የኔ እመቤት!» ዘመናይ ልጇ ፊት ቆመች።

«ጠይቄያለሁ፣ እትዬ ዘመናይ። ይረጋጉ።» ቢሊሴ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። «ያደግኩት ሁሩታ ነው። አደንጓሬ እንጨት ላይ ሲወጣ፣ ከፊት ሲያዩት ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመጠመው።»

«ጓሮ ሊያስተክሉን ነው የጠሩን?» አሉ አቶ ገመዳ።

«ሰይፈሚካኤል ይህን ሐረግ ሕያው አደንጓሬ ፊቱ አስቀምጦ ነበር የሚስለው። እስከ በሩ አንዴም አልተሳሳተም። ከበሩ ወዲህ ግን ሐረጉ ሁሉ ወደ ግራ ዞሯል፤ ቅጠሉም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ይኼ በእጅ አልተሳለም፤ በተቆረጠ ካርቶን ቀዳዳ ቀለም ተቀብቶ ነው የወጣው። እንዲህ ከሆነ ቀን ሙሉ አይፈጅም። በጥድፊያ ካርቶኑ ተገልብጧል። ካርቶን የምትቆርጠው አንተ ነህ፣ ሐዲስ። ኮምፒውተር ላይ ንድፍ መገልበጥ ስለለመድክ ግራና ቀኙ ላንተ አንድ ነው።»

«ካርቶኑን ማንም ሊያነሳው ይችላል!»

«አቶ ገመዳ ዱከም፣ ቤዚ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሰውዬው ማታ የሞተ እንዲመስል የሚፈልግ ቀትር ላይ የሄደ ሰው ብቻ ነው። የሱን ንድፎች በራስህ ስም ልታሳትም እንደነበር ማተሚያ ቤቱ ነግሮኛል። ሰይፈሚካኤል ደርሶብህ ተጣላችሁ።»

ሐዲስ መሬት ላይ ዘጭ አለ። «የገፋሁት መሰላሉን ነው... እሱን አይደለም።»

የቤዚ ካቴና ተፈታ። ዘመናይ ልጇን እቅፍ አድርጋ «በይ እንሂድ፣ እናቴ» አለቻት። ቤዚ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ሐዲስ፣ ያንን ሁሉ ስትቀባ... ገና ይተነፍስ ነበር?»

ዘመናይ ፈጥና የልጇን ጆሮዎች በእጆቿ ደፈነች። ሐዲስ ድምፅ አላወጣም፤ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የቤዚን ዓይን መሸፈን ዘመናይ አልታሰባትም ነበር።