ቡሎን የተወተፈበት ጎማ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኮፈኑ በተከፈተው አሮጌ መኪና ዙሪያ ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር፤ አባት፣ ጋራዥ መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመት የሞላው ታላቅ ልጅ፣ እና ይሄው ወንድሟ «ትንኝ» እያለ የሚጠራት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ።

ወንድሟ አዲሱን ዲስትሪቢዩተር አስሮ ጨረሰ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ይህ ዕቃ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። የእሷ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከካርቡራተሩ የሚመጣው ቀጭን የጎማ ቱቦ አዲሱ ዕቃ ላይ መሰኪያ አጥቶ ተንጠልጥሏል፤ አፉ ላይ ቡሎን ተወትፎበታል።

ትናንት ሱቅ አብራው ሄዳ ነበር። ባለሱቁ ሁለት ዲስትሪቢዩተሮች አውጥቶ፣ «ይሄኛው የጎማ መሰኪያ የለውም፤ የውድድር መኪና ዕቃ ነው። ጭነት ይዛችሁ ዳገት ስትወጡ እሳቱ ቀድሞ ይመጣና ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል። የእናንተ ያኛው ነው» አላቸው።

«መካኒክ ልታስተምር ነው እንዴ?» ብሎ ወንድሟ የሚያብለጨልጨውን አነሳ።

አሁን አባቷ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ምንም ሳያስቸግር ተነሳ።

«እጅህ ይባረክ!» አለ አባቷ። «ነገ አክስታችሁን ከነዕቃዋ ከተራራው ማዶ አመጣታለሁ።»

«አባዬ፣ ይሄ ጎማ...»

«አንቺ አርፈሽ ጨርቁን አቀብይ!» ወንድሟ ጨርቁን ሲቀበላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እኔም እናገራለሁ። አሮጌውን ዲስትሪቢዩተር ማን እንደሰበረው ልንገረው?»

አባቷ «እንዳትነኩት» ያለውን ዕቃ ሐሙስ ዕለት ላጽዳው ብላ ፈትታ፣ ሲሚንቶ ላይ የጣለችው እሷ ናት። ወንድሟ «አርጅቶ ተሰነጠቀ» ብሎ ሲሸፍንላት ውለታ መስሏት ነበር። ለካ መያዣ ኖሯል።

«ምን ያፈዝሻል? ትንኝ ደግሞ መካኒክ ሆነች?» ሳቀባት።

ወደ ዕቃ ቤት ገብታ የተሰነጠቀውን ዲስትሪቢዩተር ይዛ ወጣች፤ በአባቷ ዓይን ሥር አስቀመጠችው።

«አጥፋው አባዬ። ይሄን የሰበርኩት እኔ ነኝ። አርጅቶ አይደለም።»

«አንቺ ከሃዲ!» ወንድሟ ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረው።

«አሁን ደግሞ ይሄን እይልኝ» አለች። በአንድ ጣቷ የአሮጌውን መሰኪያ ነካች፤ በሌላው እጇ ቀጭኑን ጎማ ይዛ ቡሎኑን ነቀለችው። «አዲሱ መሰኪያ የለውም፤ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሞተሩን እንደሚያበላሽ ባለሱቁ ነግሮት ነበር።»

አባቷ ሞተሩን አጠፋ። አንዱን ዲስትሪቢዩተር አየ፣ ሌላውን አየ፣ ከዚያ ልጆቹን አየ።

«ሁለታችሁም ከፊቴ ጥፉ!»

እሑድ መኪናው ከግቢ አልወጣም። ሰኞ አባቷ ሁለቱንም አስከትሎ በእግሩ ወደ ሱቁ ሄደ። ሊቀየር የተፈታውን አዲሱን ዲስትሪቢዩተር ወንድሟ፣ የተሰነጠቀውን እሷ ይዘው ነበር።