ልጋበዝ ባዩ

ሟቹ የተገኘው ከአራተኛው ፎቅ ወደ ሦስተኛው በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እጥፋቱ እንኳ ያልለቀቀ አዲስ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። የራሱ ሕንፃ አሳንሰር ግን ከቆመ ስድስት ወር አልፎታል፤ አስተዳደሩም ጡረተኛው እጁን እንዳያስገባበት በደብዳቤ ከልክሎታል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የደረሱት ፖሊሶች «ሽማግሌ ነው፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ እግሩ ከድቶታል» ብለው ጻፉ። የሚከራከራቸው ዘመድ አልነበረውምና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሐሙስ ጠዋት መዝገቡን ለመዝጋት አንዲት መርማሪ መጣች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቅጥነቷን ብቻ አይተው አይደለም። ብቻዋን ትኖራለች፣ ምሳዋንም ብቻዋን ትበላለች፤ ስለዚህ የብቸኛ ሰው ቤት ምን እንደሚመስል የሚነግራት አያስፈልግም። በእንዲህ ያለ ቤት ዕቃ ቦታውን አይለቅም፤ የሚያነሳበት ሌላ ሰው የለማ።

እዚህ ግን ዕቃ ቦታውን ለቋል። ፍሪጁ በረዶው ቀልጦ ወለሉን አርሶታል፣ ወተቱም ኮምጥጧል። ገመዱን ተከትላ እስከ መጽሐፍ መደርደሪያው ብትሄድ መሰኪያው ተነቅሏል። ግድግዳው ላይ ከአንድ ሚስማር ሥር ክብ ነጭ ምልክት ቀርቷል፣ ሰዓቱ ግን የለም። ፈልጋ ፈልጋ አልጋው ላይ አገኘችው፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እየቆጠረ ተኝቷል። ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ዘጠኝ ሸሚዝ ተሰቅሏል፣ ዘጠኙም ነጭ ነው።

መጀመሪያ የመጡትን ፖሊሶች ደውላ ጠየቀች። ፍሪጅም ሰዓትም የነካ አልነበረም። መዝገቡን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችና የጎረቤቱን በር አንኳኳች።

በሩን የከፈቱት አሮጊት ሟቹን «ጋሽ አሳንሰር» ይሉታል፤ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ማለት ነው፣ በአንድ ስስ ግድግዳ ተለያይተው ኖረዋል።

«እማማ፣ ማክሰኞ ዕለት ሰው መጥቶበት ነበር?»

«ማን ይመጣበታል የኔ ልጅ? እሱ እኮ እንግዳ የለውም።»

«ድምፅስ አልሰሙም?»

«ድምፅማ መቼ ይጠፋል። ምሳውን ከበላ በኋላ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ሲጠይቅ ድምፁን ያቀጥናል፣ ሲመልስ በራሱ ድምፅ ነው። መጀመሪያ አእምሮውን የነካው መስሎኝ ነበር። ኋላ ደረጃ ላይ ሳገኘው፣ ‹ቴሌቪዥን ላይ ስቀርብ እንዳልንተባተብ ነው የምለማመደው› አለኝ። ማክሰኞም እንደ ልማዱ ሲጠይቅና ሲመልስ ነበር።»

«የጠያቂው ድምፅ ያን ቀን እንዴት ነበር?»

አሮጊቷ መልስ ለመስጠት ቸኮሉና መሀል ላይ ቆሙ። «አሁን ስትዪኝ... ያን ቀን አሳምሮ ነበር ያቀጠነው» አሉ፤ ከዚያ እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ተመልሳ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበች። ውስጡ አንድ ደብተር አለ፤ ሟቹ በየእሑዱ ለሚተላለፈው የእንግዶች ፕሮግራም አዘጋጆች የላካቸውን አስራ አራት ደብዳቤዎች ቁጥር እየሰጠ ገልብጦበታል። የመጀመሪያው «በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ስድስት መቶ አስራ ሁለት ሰው ከተዘጋ አሳንሰር አውጥቻለሁ። ሰው ሲዘጋበት ምን ምን እንደሚናገር ስለማውቅ ጥሩ እንግዳ እሆናለሁ» ይላል። ሦስተኛው ላይ የተጋበዘ ሰው ሳይመጣ ከቀረባቸው ቤቱ ቅርብ እንደሆነና በአምስት ደቂቃ ለባብሶ እንደሚወጣ አስታውቋል። ሰባተኛው ስለ ሚስቱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አሳንሰር ተዘግቶባት፣ በበሩ ስንጥቅ ለረጅም ጊዜ ሲያወሩ ፊቷን ሳያይ ድምፅዋን ለመደው።

አስራ አራተኛው አጭር ነው። «ባለፈው እሑድ አቅራቢያችሁ ሚስቴ ብሎ ያወራላት ሴት የእኔ ሚስት ናት። ክስ አልፈልግም፣ ይቅርታ ጠይቁኝም አልልም። አንድ ቀን ጥሩኝና እኔው ራሴ ላውራላት።»

መርማሪዋ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ለሰውዬው ከዓለም የቀረለት ይህ አንድ ታሪክ ነበር፤ እሱንም ሌላ ሰው በአደባባይ ለብሶት አየ። ደብተሩን ዘግታ ከመዝገቡ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሄደች። ለሟቹ ከጣቢያው ዋና ቁጥር ሰኞ ዕለት እንደተደወለለት ስልኩ ያሳያል፣ በዚያ ቁጥር ግን ሃምሳ ሰው ይደውላል። የፕሮግራሙ ሰዎች ሰውዬውን «ልጋበዝ ባዩ» ይሉታል፤ ደብዳቤው በመጣ ቁጥር በሻይ ሰዓት ጮክ ብለው እያነበቡ ይስቁ ነበር። አሁን አልሳቁም። ካርቶን አምጥተው ሲቆጥሩላት አስራ ሁለት ደብዳቤ ተገኘ፣ ሰባተኛውና አስራ አራተኛው የሉም።

አዘጋጇ አርባዎቹን የጀመረች ቀልጣፋ ሴት ናት፤ እንግዳ የምትመርጠውም የአቅራቢውን የመግቢያ ንግግር የምትጽፈውም እሷ ነች። ሰውዬውን አይታውም ደውላለትም እንደማታውቅ፣ ቤቱም የት እንደሆነ እንደማታውቅ ተናገረች። መርማሪዋ ወሬ ለመቀየር ያህል፣ «እኔን ብትጋብዙኝ ምን ምን ትሉኛላችሁ?» አለቻት።

አዘጋጇ ማሰብ አላስፈለጋትም። «አጭር አጭሩን ይመልሱ፣ ካሜራውን ሳይሆን ጠያቂውን ይዩ፣ ነጭ ሸሚዝ እንዳይለብሱ፣ ብርሃን ይመልሳል፤ ሰማያዊ ቢሆን ይመረጣል።»

«ይህንን ለእንግዳው የሚነግረው ማነው?»

«እኔው ነኝ። ለእንግዳ ከእኔ በቀር የሚደውል የለም» አለች፤ ይህን ስትል ኩራትም ነበራት።

አቅራቢው፣ በየእሑዱ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚያስገባው ያ ሳቂታ ሰው፣ ካሜራ በሌለበት ትከሻው የወደቀ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤ እንደማያነብ፣ እሷ የጻፈችለትን እንደሚናገር፣ ታሪኮቹንም ከራሷ የምታፈልቃቸው ይመስለው እንደነበር አስረዳ።

«እርስዎ ባለቤትዎን ያገኟቸው እውነት አሳንሰር ውስጥ ነው?»

«ሚስት የለኝም» አለ።

የድምፅ ባለሙያውን ያገኘችው ገመድ ሲጠቀልል ነው። ሰው ቤት ሄዶ ሲቀዳ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀችው። ፍሪጅ እንደሚነቅል፣ የግድግዳ ሰዓት ካለ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደሚከት፣ ሁለቱም የሰው ጆሮ ልብ የማይለው ድምፅ እያሰሙ ቀረጻ እንደሚያበላሹ ነገራት። ይህን ከቢሮ ወጥቶ የሚሠራ የጣቢያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ፍሪጁን መሰካት ረስተው ቢወጡስ?»

«አልረሳም። የመኪናዬን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ሳልሰካ ብወጣ ያለ ቁልፍ የት እደርሳለሁ?»

ቅዳሜ ጠዋት እማማን፣ አዘጋጇን፣ አቅራቢውንና የድምፅ ባለሙያውን፣ አራቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፍሪጁ ተሰክቶ ያጉረመርማል፣ ሰዓቱም ሚስማሩ ላይ ተመልሷል። ቃላቸው ለመዝገብ እንዲቀዳ እንደምትፈልግ ነግራ፣ የድምፅ ባለሙያውን የሥራ ልማዱን ሳያጓድል እንዲያዘጋጅ ጠየቀችው። ሰውዬው ሰዓቱን አውርዶ በብርድ ልብሱ ጠቀለለ። ቀጥሎ ፍሪጁ ጋ ሄዶ ጎንበስ አለ። ከጀርባው ግድግዳው ላይ ሶኬት ይታያል፣ ምንም ግን አልተሰካበትም። ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ግራ ገባው።

አዘጋጇ ሰዓቷን ስታይ ነበር። «ያኛው ሶኬት አይሠራም፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ኋላ ነው የተሰካው» አለች።

የድምፅ ባለሙያው እጁን ከመደርደሪያው ኋላ ሰደደና ነቀለው። ማጉረምረሙ ቆመ። ክፍሉ ጸጥ ሲል ሦስቱ ሰዎች አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ። ነገሩ መጨረሻ ላይ የገባው ለራሷ ነው።

«ቤቱን አላውቀውም ብለው ነበር» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ለሁሉም አስረዳች። ዘጠኝ ነጭ ሸሚዝ ያለው ሰው ሰማያዊ የሚገዛው አንድ ሰው ነጭ እንዳይለብስ ሲነግረው ነው፤ ያን የሚናገር ደግሞ ለእንግዳ የሚደውል ሰው ብቻ ነው። ፍሪጁና ሰዓቱ ማክሰኞ ዕለት እዚህ ቀረጻ እንደነበረ ይናገራሉ። የድምፅ ባለሙያው እንዳይሆን፣ እሱ ቁልፉን ጥሎ አይሄድም፣ ፍሪጁንም ሳይሰካ አይወጣም። አቅራቢው እንዳይሆን፣ እማማ የሰሙት ጠያቂ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ጋሽ አሳንሰር ራሱን የሚጠይቅ ስለመሰላቸው በዚያ ቤት እንግዳ እንደገባ አላወቁም። ከካርቶኑ የጎደሉት ሁለቱ ደብዳቤዎችም አንዱ ታሪኩ ከየት እንደተወሰደ፣ ሌላው የታሪኩ ባለቤት እንደነቃ የሚናገሩ ናቸው። እነሱ ቢታዩ ሥራዋን የምታጣው አንዲት ሴት ብቻ ነች። «ይህን ሁሉ ትናንት አውቄዋለሁ። የቀረኝ እዚህ ክፍል ገብተው እንደነበር ማወቅ ነው። እሱን ደግሞ አሁን እርስዎ ነገሩኝ።»

አዘጋጇ መከራከር አልሞከረችም። ቃለ ምልልስ አድርጋለት፣ ቀን እየቆረጠችና እያራዘመች እስኪሰለቸው ልታቆየው ብቻ እንደመጣች ተናገረች። ፍሪጁን የነቀለችው የተሰካበትን እሱን ጠይቃ ነው፤ እጇ ልማዱን አልተወም። ሰውዬው ከአንድ ሰዓት በላይ አወራ። ሲጨርስ መቼ እንደሚተላለፍ ጠየቃት፣ እሷም «እንደውልልዎታለን» አለችው።

«ረጅም ጊዜ አየኝ። ገብቶታል። እንዲያም ሆኖ እስከ ደረጃው ሸኘኝ። እዚያ ላይ፣ ‹እንግዲያው ቀረጻውን ለእኔ ተዪልኝ፣ ለራሴ ላዳምጠው› ብሎ የመቅጃውን ማንገቻ ያዘ። ሳብኩት።»

«ስትወርጂ ይተነፍስ ነበር?» አለቻት መርማሪዋ፣ አሁን አንቺ ብላ።

አዘጋጇ ወለሉን አየች። «ይተነፍስ ነበር። ተሻግሬው ወረድኩ።»

አቅራቢው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እማማ ግን ወደ አዘጋጇ አላዩም፣ ወደ ስሱ ግድግዳ ነበር የሚያዩት። «እኔም እኮ አስራ አንድ ዓመት ሰማሁት» አሉ። «አንድ ቀን በሩን አንኳኩቼ፣ ናና እኔ ልጠይቅህ አላልኩትም።»

መቅጃው አሁንም በአዘጋጇ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቀረጻውን ለምን እንዳላጠፋችው ስትጠየቅ እንባዋ መጣ። «በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቃለ ምልልስ ሠርቼ አላውቅም» አለች።

ደንቡ ማስረጃውን ማሸግ ነው። መርማሪዋ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ማሸጊያ ፕላስቲክ በጣቷ ነካ አደረገችና ተወችው። የድምፅ ባለሙያው እንዲያጫውተው ነገረችው፣ ራሷም ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የአዛውንቱ ድምፅ አልተንተባተበም። አሳንሰሩን በሃያ ደቂቃ ጠግኖ እንደጨረሰው፣ ነገር ግን ውስጥ የተዘጋችው ልጅ ወሬዋን እንዳታቋርጥ ብሎ የበሩን መክፈቻ ሳይጫን አንድ ሰዓት እንዳቆያት ተናገረ። ይህን የትኛውም ደብዳቤ ላይ አልጻፈውም፣ ለሚስቱም የነገራት ከሠርጋቸው በኋላ ነው። እማማ እያለቀሱ ፈገግ አሉ። አምስቱም ሰዎች እስከ መጨረሻው ከቦታቸው ሳይነሱ ሰሙት።

ሲያልቅ የአዘጋጇ ድምፅ መጣ፣ ያኔ የነበራት የሥራ ድምፅ።

«ጋሼ፣ አሁን ለግማሽ ደቂቃ ዝም እንላለን። የክፍሉን ዝምታ ለብቻው እንቀዳዋለን፣ ደንባችን ነው። ይችላሉ?»

«እሱንስ ለእኔ ተዪው ልጄ» አለ አዛውንቱ። «አስራ አንድ ዓመት ተለማምጄዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ መቅጃው ውስጥ የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ነበር።