የጎደለችው ማኖቬላ

አቶ ወንድይፍራው ላጤ ኖሮ ላጤ ሞተ። «ሚስትህ የት አለች?» ለሚሉት ጎረቤቶቹ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር የቆመችውን የሃምሳዎቹን ላንድሮቨር ያሳይ ነበር። በ፳፻፯ ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጂንካ ሁሉ ገበያ ወርዶ ሰፈሩ ጭር ባለ ሰዓት፣ በዚያችው መኪና አፍንጫ ሥር ተደፍቶ ተገኘ። አፍንጫዋ ላይ ማኖቬላ ተሰክቷል፤ ያ ሞተር በእጅ እየተጠመዘዘ የሚነሳበት ቆልማማ ብረት።

«ሞተሩ ማኖቬላውን መልሶ መታው፤ አለቀ» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

ኢንስፔክተር ጥሩነሽ ጎንበስ አለች። የሾፌር ልጅ ናት፤ አባቷ በዚህ ብረት ሁለት ጊዜ እጁ ተሰብሯል። የሟቹ ቁስል ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ነው። ዞሮ ከኋላ የሚመታ ማኖቬላ ገና አልተሠራም። የሸሚዙን ኪስ ከፍታ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች።

«ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩ በምን ነፍሱ ይመታዋል? ይኼ ሰው ተገድሏል።»

ሬሳውን ያገኘው ልዑልቃል የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ የድሮ መኪና ይሰበስባል። ወንድይፍራው ለዚያ ጠዋት ቀጥሮት ነበር።

«ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቴ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከመኪናዋ ሳይነቅል። «መስታወቷ፣ ወንበሯ፣ ቀለሟ፣ ብሎኗ ሳይቀር ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የጎደላት።»

«ምን?»

«ማኖቬላዋ። አንጥረኛ ከፌሮ ያበጀላትን እዚያ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ 'የእንጀራ ልጅ' ይለው ነበር። ዛሬ የተሰካችው ግን የራሷ ናት። ቀለሟን አላዩም?»

ጥሩነሽ አየች። እውነት ነው፤ የመኪናዋ አረንጓዴ ቀለም ብረቷም ላይ አለ።

«እንግዲያስ ይዟት የመጣ ሰው አለ ማለት ነው» አለች።

ከጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችው መምህርት ሔርሜላ ናት። ከአርባ ምንጭ ተዛውራ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው።

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ክፍሌ ሆኜ ፈተና አርም ነበር። የሰማሁት ነገር የለም። ስለ መኪና ደግሞ አትጠይቂኝ፤ በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም።»

ስለ መኪና የጠየቃት ሰው አልነበረም። ጥሩነሽ ይህን ልብ አለችው።

የግቢው ዘበኛ ቦሼ ከገበያ የተመለሰው ሬሳው ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው የአልዱባ ገጠር ሽማግሌ ነው። ሬሳውን ዞር ብሎም አላየ። ማኖቬላዋን ሲያይ ግን በትሩ ከእጁ ወደቀ፤ በአገሩ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ሁለት እጁን ለፖሊሱ ዘረጋ።

«እኔ ነኝ የገደልኩ። እሰሩኝ።»

ጣቢያ ውስጥ ጥሩነሽ ከአጠገቡ ተቀመጠች። «አባ ቦሼ፣ ምን አደረገዎት?»

«ሰማንያ ሦስት፣ መንግሥት ሲወድቅ፣ ፈለቀ የሚባል ሾፌር የራሱን መኪና እኔ ጋ አመጣ። በማሽላ አገዳ ሸፍኜ ደበቅኩ። ማኖቬላዋን ይዞ ሄደ። 'ይቺን ብረት ይዞ የመጣ የኔ ሰው ነው፤ ለሌላ እንዳትሰጥ፤ አደራ' አለኝ።»

«ወንድይፍራውስ?»

«የፈለቀ ረዳት ነበር። 'መሣሪያ ደብቋል' ብሎ በሐሰት አሳሰረው። ፈለቀ እስር ቤት ሞተ። ኋላ ያ ሰው የውሸት ውል ይዞ፣ ጎረምሳ አስከትሎ መጣ። 'ማኖቬላዋስ?' ስለው ደበደቡኝ። ከዚያ ለሰው ሁሉ 'ፈልጌ አገኘኋት' ይላል።»

«እና ለእሱ ዘበኛ ሆኑለት?»

«ለእሱ?» ሽማግሌው ተቆጣ። «ለእሷ ነው እንጂ! አደራ ጥዬ የት ልሂድ?»

«በምን መቱት?»

«በማኖቬላዋ። ግንባሩን።»

ጥሩነሽ ደብተሯን ዘጋች። ቦሼ ቁስሉን አላየውም። አለቃዋ ግን ደስ ብሎት ነበር። «አምኗል፤ ሰኞ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ» አላት። ሽማግሌው ባልሠራው ወንጀል እስር ቤት ሊሞት ነው። ነገሩ እንደ እሳት አቃጠላት፤ የእሑድን ቀን ለምና አገኘች።

እሑድ ከሰዓት ሦስቱን መኪናዋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ቦሼ እጁ በካቴና እንደታሰረ ቆሟል።

«አንድ ጊዜ ይቺን ማኖቬላ ሞተር እንደሚያስነሣ ሰው ያዙልኝ» አለች።

ልዑልቃል በአምስት ጣቱ ጨመደዳት። ሔርሜላ ቀጠለች። ያዘቻት።

«እንዳትለቂ!» አለች ጥሩነሽ። «ሁላችሁም አውራ ጣቷን እዩ።»

አውራ ጣቷ ብረቷን አልዞረም፤ ከአራቱ ጣቶች ጎን ተኝቷል።

«ሞተር ማኖቬላ ሲመልስ የዞረ አውራ ጣት ይሰበራል» አለች ጥሩነሽ። «ይህን የሚያውቀው ጥንት ያስነሣ ሾፌር ነው፤ ወይም ሾፌር አባቱ ያስተማረው ልጅ። እኔንም አባቴ እየቆነጠጠ ነው ያስተማረኝ። አቶ ልዑልቃል መኪና ሰብስበዋል እንጂ ማኖቬላ አልጨበጡም። አባ ቦሼ ግንባሩን መታሁት አሉ፤ ቁስሉ ግን ከኋላ ነው። ገዳዩ ማኖቬላዋን ይዞ የመጣው ነው፤ እሷን የያዘ ደግሞ የፈለቀ ሰው ነው፤ አባ ቦሼ ጥፋቱን የወሰዱትም እሱን ሊያድኑ ነው። መምህርት፣ ሳልጠይቅሽ መኪና ነክቼ አላውቅም አልሽኝ። ጣትሽ ግን ያውቃል። አርባ ምንጭ ደውዬ ነበር። መታወቂያሽ ላይ አባት ተብሎ የተጻፈው ሙሉቀን አጎትሽ ነው፤ በስሙ አስመዝግቦ አሳደገሽ። አባትሽ ፈለቀ ነው።»

የቦሼ ካቴና ተንቀጫቀጨ።

«አውራ ጣት ማስረጃ ነው?» አለች ሔርሜላ።

«አይደለም፤ ፍርድ ቤት ይስቅብኛል። ዝም ካልሽ ነገ የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ወንድይፍራው ንጹሕ ሰው አሳስሮ ገደለ። አንቺስ?»

ሔርሜላ ሽማግሌውን አየችው።

«አባቴ የተወልኝን ማኖቬላ ከዲመካ ገበያ ገዛኋት አልኩት» አለች በመጨረሻ። «ሰክቶ ስትገባለት እንደ ልጅ ጨፈረ። የማን ነበረች ብዬ ጠየቅሁት። 'የአንድ ሞኝ' አለኝና ሥሯን ሊያይ ተንበረከከ። ነቅዬ መታሁት። ጠርጌ መለስኳት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በእሱ አይቆጨኝም፤ ዛሬም ቢነሳ እደግመዋለሁ። እርስዎ ማን እንደሆኑ ግን አላውቅም ነበር፣ አባ። ፍቱላቸው፤ እኔ ነኝ።»

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ገባ። ቦሼ በነጻ እጁ የልጅቱን ጭንቅላት ዳሰሰ።

«ስትመጪ ትንሽ ዘገየሽ እንጂ መጥተሻል» አላት። ወደ ጥሩነሽ ዞረ። «ስንት ዓመት ይፈርዱባታል?»

«ብዙ» አለች ጥሩነሽ። መዋሸት አልሆነላትም።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። በትሩን አንሥቶ ከላንድሮቨሯ አጠገብ ባለችው የዘበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲያስ የማሽላ አገዳ አምጡልኝ።»