ጋሽ ሾዴን ማን ያንሣ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል የአገራችን ሰው። ምሥራቅ ሾዴ ይህን ተረት ከማንም በላይ ታከብረው ነበር። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ በሽሮ ሜዳ ገበያ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች። ከሸማኔ የምትረከበውን እያንዳንዱን ነጠላ ወደ ብርሃን ዘርግታ ድርና ማጉን ሳትመረምር አትቀበልም። አባቷ አቶ ሾዴ የቤታቸውን ቆርቆሮ ሲጠግኑ ወድቀው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አርባ ዓመት የሠሩበት የሽመና ዕቃ ተፈታቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ከግድግዳ ጋር ቆሟል። በመጀመሪያው ዓመት እጮኛዋ «አባትሽን ለዘመድ ስጪና እንጋባ» አላት። እርሷም አባቷን አስቀርታ እጮኛዋን ሸኘች። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቷ የሚመጣውን ወንድ ሁሉ እንደ ነጠላው ወደ ብርሃን ዘርግቶ ማየት ልማዷ ሆነ።

ኢሳይያስ የመጣው በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዲሱ ገበያ የብረት ሥራ ቤት ያለው፣ እጁን የብየዳ ፍንጣሪ የነቆጠው፣ ንግግረ ቁጥብ ሰው ነው። አራት ጎማ ያለው፣ ረጅም ክንዱን ወደ ፊት የዘረጋ የብረት ዕቃ እየገፋ ወደ ግቢው ገባ።

«ይኼ ጋራዥ ውስጥ ሞተር የሚያወርዱበት አይደለም እንዴ?» አሉ ጥጥ ሲፈለቅቁ የነበሩት ጎረቤት፣ እትዬ ማሚቴ።

«ነው እትዬ። ሰው እንዲያነሣ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

«ሞተርና ሰው አንድ ሆኑ በለኛ።»

«ሞተር አያመውም እትዬ። የደከምኩት እዚያ ላይ ነው።»

ከክንዱ ጫፍ እንደ አንቀልባ ያለ ሸራ ተንጠልጥሏል። በሽተኛው በሸራው ይታቀፋል፤ ከታች ያለው ክሪክ ሲረገጥ ክንዱ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ጎማው ይገፋል፤ ሰውየውም ከዊልቸር ወደ አልጋ ይሻገራል። አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ሳትጎብጥ ልትሠራው ትችላለች።

ምሥራቅ እጇን አጣምራ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ማን ላከህ?»

«ከጤና ጣቢያው፣ ቶይባ። አባትሽን የምታሻቸው። ብቻሽን እንደምታነሺያቸው ነገረችኝ።»

«ስለ ወገቤም ነገረችህ?»

«አዎ።»

«ሌላስ?»

«ቁጡ እንደሆንሽ።»

እትዬ ማሚቴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ምሥራቅ ግን አልሳቀችም።

«አባቴ እዚህ ላይ አይሰቀልም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አንቺ ተቀመጪና ሞክሪው።»

«አንተ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ምሥራቅም ክሪኩን ረገጠች፤ ደጋግማ ረገጠች። የኢሳይያስ ጫማ ከመሬት ለቀቀ። ከዚያም እግሯን አንሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አሁን እጠይቅሃለሁ። ይህን ለማን ሠራኸው?»

«ለእናቴ።»

«የት አሉ?»

«ሳይደርስላት ዐረፈች። ክንዱን እየበየድኩ ሳለ ነው የነገሩኝ።»

ምሥራቅ ፊቱን መረመረች። ኀዘኑ እውነት ይመስላል። እውነት የሚመስል ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስፈራታል።

«ይህን ታሪክ ለስንት ሴት ነግረሃል?»

«ተንጠልጥዬ? ገና ለአንቺ።»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። አቶ ሾዴ በዊልቸራቸው እስከ ደፉ መጥተው ያዩ ነበር።

«ልጄ፣ አውርጂው እንጂ። ሰው ጥፋቱ ሳይታወቅ አይሰቀልም።»

ምሥራቅ አባቷ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ የሰማችበትን ጊዜ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ኢሳይያስን ያወረደችው ስለዚያ ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ይመጣ ጀመር። አቶ ሾዴ ሸራውን በጣታቸው መርምረው «ይህ የእህል ጆንያ ነው፤ ገላ አያውቅም» አሉ። ምሥራቅ ባለ ድርብ ጥጥ ጨርቅ ሰፋች። ኢሳይያስ መንጠቆዎቹን አስተካከለ።

«በሽበቴ በአንቀልባ ታዘልኩ» አሉ አቶ ሾዴ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በአየር ላይ ሳሉ።

«ምቾቱ እንዴት ነው ጋሽ ሾዴ?»

«እናቴ ትሻል ነበር። ከእርሷ ቀጥሎ ግን አንተ ነህ።»

ኢሳይያስ ለምሥራቅ አቋቋሟን ያስተምራት ነበር።

«ወገብሽን አታጉብጪ። ጉልበትሽን እጠፊ።»

«እንዲህ?»

«እንዲህ። ማታ ያምሻል?»

«አንዳንዴ።»

«ዛሬ አያምሽም።»

በዚያ ሌሊት አላመማትም። ጠዋት ስትነቃ ወገቧ መዳኑ ሳይሆን እርሱን በማሰብ መንቃቷ አስደነገጣት። ስለዚህ ጥርጣሬዋን እንደ ጋቢ ሰብስባ ለበሰችው።

እትዬ ማሚቴም አልተዋትም። «ሰው ያለ ምክንያት አራት ቅዳሜ አይመላለስም» አሏት።

«ምክንያቱ ምን ይመስልዎታል?»

«ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ ቤቱ ነው። አንቺን ከሆነ ሳቂለት። ቤቱን ከሆነ ግን... ዐይንሽን ክፈቺ።»

በእነዚያ ወራት በሰፈሩ ሜትር የያዘ ሰው ባለፈ ቁጥር የሰው ልብ ይደነግጥ ነበር። ከእነ ምሥራቅ በላይ ያሉት ሽማግሌ ልጆቻቸው ሳያውቁ ቤታቸውን ለደላላ አስለክተው፣ ልጆቹ የሰሙት ገዢው በር ሲያንኳኳ ነው።

አንድ ረቡዕ ገበያው ቀዝቅዞ ምሥራቅ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ተመለሰች። የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከጓዳው ክፍል የአባቷን ሹክሹክታ ሰማች። ገባች። ቁም ሣጥኗ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ጥግ ተገፍቷል። ኢሳይያስ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሜትር ዘርግቶ፣ የወለሉን ሲሚንቶ በመዶሻ እየቆረቆረ ያዳምጣል። አቶ ሾዴ ከዊልቸራቸው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ያሳዩታል። ሲያዩዋት ኢሳይያስ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?» አለች።

መሬት ላይ የነበረውን ደብተር አነሣች። «ወርድ። ቁመት። ጥልቀት» ይላል፤ ከየቃሉ ጎን ቁጥር አለ። መሠረቱ የሚለካው የሚፈርስ ቤት ነው ብላ አሰበች።

«ምን እየለካህ ነው?»

ኢሳይያስ ወደ አቶ ሾዴ ተመለከተ። እርሳቸው «እንዳትናገር» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልነግርሽ አልችልም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለእሳቸው።»

«በእኔ ቤት፣ ከገዛ አባቴ ጋር፣ ከእኔ የሚደበቅ ቃል?»

«ምሥራቅ፣ ካመንሽኝ አንድ ሳምንት ታገሺኝ።»

«ካመንሽኝ አልክ። እኔ መቼ አመንኩህና?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ውሸት ነበርና። አምናው ነበር። የተናደደችውም ስለዚያ ነው።

«ማንሻህን ይዘህ ውጣ» አለችው።

ኢሳይያስ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «እኔ እወጣለሁ። ማንሻው ይቅር። እሱ ምንም አልደበቀብሽም።»

ወጣ። ምሥራቅ ማንሻውን ገፍታ ግቢ አወጣችው፤ በላስቲክ ሸፈነችው።

«ቤቱን ልትሸጠው ነው አባዬ?» ብላ ጠየቀች።

አቶ ሾዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሦስት ዓመት ተሸክመሽኝ አላወቅሽኝም።»

አምስት ቀን በዝምታ አለፈ። አምስት ቀንም እንደ ድሮው በክንዷ አነሣቻቸው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋ ወደ ዊልቸር ልታዛውራቸው ብብታቸውን አቅፋ ስታነሣ ወገቧ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አለ። እግሯ ከዳት። መልቀቅ ትችል ነበር፤ አልለቀቀችም። ዞራ ራሷን ከሥር አደረገችና አብረው ወለሉ ላይ ወደቁ።



«ተጎዳህ አባዬ?»

«አንቺ ሥር ሆነሽ እንዴት እጎዳለሁ።»

ቀስ ብላ ከጎናቸው ወጣች። ለመነሣት ሞከረች፤ ሕመሙ መለሳት። ጎን ለጎን ተጋድመው ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

«ቤቱን አልሸጥኩም» አሉ አቶ ሾዴ። «ያስለካሁት ጉድጓዴን ነው።»

ምሥራቅ ዐይኗን ጨፈነች። የሰፈሯ ሸማኔዎች ሲሠሩ ከጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ወደ ታች ሰድደው፣ መርገጫውን እየረገጡ ነው። የአባቷ ጉድጓድ ጓዳው ውስጥ ነበር። ከወደቁ በኋላ የዊልቸሩ ጎማ ሁለት ጊዜ ገብቶበት ስለነበር፣ በገዛ እጇ አፈር ሞልታ፣ ሲሚንቶ አስለስናበት፣ ቁም ሣጥኗን ከላይ አቁማበታለች። ለእርሷ ከዚያ ወዲህ ያ ቦታ ቁም ሣጥን እንጂ ጉድጓድ አልነበረም።

«ስትደፍኚው አልቅሰሻል፤ ሰምቼሻለሁ» አሉ። «እንዴት ብዬ መልሰሽ ቆፍሪልኝ ልበልሽ? ማንሻው ሲመጣ ግን አሰብኩ። ሰውን አልጋ ላይ የሚያወርድ ከጉድጓድ አፍ ላይስ አያወርድም? ልጁን ጠየቅሁት። ለክተን ሳናረጋግጥ እንዳትነግራት፣ ሳይሆን ቢቀር ሁለተኛ ታዝናለች ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

«እግርህስ? መርገጫውን ማን ይረግጣል?»

«ለሁለት ሰው ይሰፋ እንደሆነ ነበር የምንለካው። እሱ እግሩን ሊያውሰኝ ነው።»

ምሥራቅ አላለቀሰችም። ከሽርጧ ኪስ ስልኳን አወጣች። ለአምስት ቀን ሳትደውልለት የያዘችውን ቁጥር ጣቷ ሳይፈልግ አገኘው።

«ኢሳይያስ... አባቴ ወለል ላይ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

«እንዳትነሺ። እንዳታነሺያቸውም። መጣሁ።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አላወለቀም። ላስቲኩን ከማንሻው ላይ ገፎ ወደ ውስጥ ገፋው። አቶ ሾዴን በጎናቸው አገላብጦ ጨርቁን ከሥራቸው አነጠፈ፤ አራቱን መንጠቆ አያያዘ፤ ረገጠ። ሽማግሌው ከወለሉ ተነሥተው አልጋቸው ላይ ዐረፉ። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ጎንበስ አለ።

«በማንሻው ትነሺያለሽ ወይስ እጄን ትይዣለሽ?»

«እጅህን።»

ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን አቅንቶ፣ ቀስ ብሎ አነሣት። ወንበር ላይ ካስቀመጣትም በኋላ እጁን አልለቀቀችም።

«ቤቱን የምትለካ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቃል ብትነግረኝ ይበቃ ነበር።»

«ዝም ማለቴ ጎድቶሻል። በእነዚህ ቀናት ሁሉ አስቤዋለሁ። ግን ለአባትሽ የሰጠሁትን ቃል ባፈርስ፣ ለአንቺ የምሰጠውን እንዴት ታምኚዋለሽ?»

«ለእኔ ምን ቃል ልትሰጠኝ ነው?»

ኢሳይያስ አንገቱን ደፋ። ኢሳይያስ ሲገባ አይተው የተከተሉት እትዬ ማሚቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ተናገር እንጂ ልጄ» አሉ፤ «እኔም ቆሜ እግሬ ደነዘዘ።»

«አባትሽን አብሬሽ ላንሣ» አላት። «ዕድሜዬን ሙሉ።»

ምሥራቅ ረጅም ጊዜ አየችው። እንደ ነጠላው አልነበረም አሁን አስተያየቷ።

«ጠርጣራ ነኝ። ነገም እጠረጥርሃለሁ።»

«ጠርጥሪ። ግን ፊት ለፊት ጠይቂኝ።»

«ካልመለስክልኝስ?»

«ያን ጊዜ አባርሪኝ።»

«አንድ ጊዜ አባርሬህ ነበር። ያመመኝ ወገቤ ብቻ አልነበረም።»

አቶ ሾዴ ከአልጋቸው ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እዚህ አለሁ» አሉ።

ወገቧ እስኪድን ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጉድጓዱ በጥር አጋማሽ ተቆፈረ፤ ለሁለት ሰው እንዲበቃም ሰፋ። የሽመና ዕቃው ከጆንያው ወጣ። አቶ ሾዴ በማንሻው ተነሥተው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። የማጉን ክር የሚያመላልሰውን መወርወሪያ በእጃቸው ያዙ።

ኢሳይያስ በአጠገባቸው ገብቶ መርገጫውን ረገጠ። ሦስት ክር በጠሰ። አራተኛውን ሲበጥስ አቶ ሾዴ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ይህ እግር ለክሪክ ነው የተፈጠረው። ውጣ።» ወደ ምሥራቅም ዞሩ። «ነይ።»

በሸማኔዎቹ ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። እትዬ ማሚቴ ከበሩ ላይ «ሴት ልጅ ደግሞ ጉድጓድ ትገባለች እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«ሴት ልጅ አባቷን ሦስት ዓመት ስትሸከም ልማዱ የት ነበር?» አሉ አቶ ሾዴ።

ምሥራቅ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በግድግዳ ማዶ እየሰማች ያንቀላፋችበትን ምት እግሯ ያውቀው ኖሯል። ግራ። ቀኝ። መወርወሪያው ከአባቷ እጅ ወጥቶ በድሩ መካከል አለፈ፤ ተመለሰ። አንድ ክር አልተበጠሰም። ኢሳይያስ ክሪኩ አጠገብ ቆሞ ያያት ነበር፤ እርሷም ዐይኗን ከክሩ ሳታነሣ እያያት መሆኑን አወቀች።

ምሥራቅና ኢሳይያስ ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። አቶ ሾዴ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ኖሩ፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታትም አሥራ አራት ጋቢ ሸመኑ።