ፊታቸውን ወደ ደጅ ያዞሩ ቦቲዎች

በኮኪት መጀመሪያ ገዳዩ ተያዘ፤ የሞተ ሰው የተፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

ነሐሴ 1976 ዓ.ም. አንድ ጧት፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አረም የመጣ አገኘሁ የሚባል የቀን ሠራተኛ ከእርሻ ጣቢያው መካኒክ ቤት እየሮጠ ሲወጣ ዘበኞች አዩት። የሚሮጥ ሰው ያጠፋው ነገር አይጠፋም ብለው ያዙት። ከዚያ ምን እንዳጠፋ ለማየት ወደ ቤቱ ገቡ። መካኒኩ ጀምበሩ ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ከራሱ አጠገብ የገዛ ትራክተር መፍቻው ወድቋል። ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። ደሙ መድረቁን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ሃምሳ አለቃ ዋሴ ከገንዳ ውሃ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ላቡን በፎጣ እየጠረገ የሚነገረውን ሁሉ የሚያምን የሚመስል ፖሊስ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ብዙ አውርቶለታል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደምለው መንገድ ላይ ተቀበለው።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ በከንቱ ደከሙ። ጉዳዩ አልቋል። ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ጎንደር ይነሣል፤ ልጁም አብሮ ይሄዳል። እዚያ ምን እንደሚደረግ የታወቀ ነው።»

«ለምን ገደለው?»

«አድኃሪ ስለሆነ።»

«ማን? ሟቹ?»

«ገዳዩ እንጂ!»

«እሺ» አለ ዋሴ፣ ላቡን እየጠረገ።

አገኘሁ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ወባ ያንቀጠቅጠዋል። እግሩ ላይ ከጎማ የተሠራ በረባሶ አጥልቋል።

«ኪኒን ልለምን ነው የመጣሁ ጌታዬ። ለሠራተኛ ሁሉ ይሰጡ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።»

«ለምን ሮጥህ?»

«ሬሳ አይቼ ነዋ! እርስዎ ቢያዩ አይሮጡም?»

ዋሴ አሰበበት። «በዚህ ዕድሜዬ አልሮጥም። ሐሳቡ ግን ይመጣል።»

ጀምበሩ በኮኪት የታወቀው ትራክተር በመጠገን ብቻ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ለሥልጠና ጃፓን ተልኮ፣ በተራሮች መሐል ባለች አንዲት የገጠር ከተማ አንድ ክረምት ከርሞ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ በረዶ ከአፉ አልጠፋም። ቆላው ሲያቃጥል ሰው እሱ ዘንድ የሚሄደው ለጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለመብረድም ነበር።

የሟች እኅት ታንጉ ተዝካር ውላ ከገንዳ ውሃ የተመለሰችው በዋሴ መኪና ነው። ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ በረንዳው ላይ ቆማለች። ዋሴ ጎንበስ ብሎ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ያለውን እርጥብ የዋልካ ጭቃ ያያል። አንድ ጥንድ ጥቁር የላስቲክ ቦቲ አፍንጫው ወደ ደጅ ዞሮ ከበሩ በስተግራ ቆሟል። በበሩ በስተቀኝ ደግሞ ቦቲ ሳይኖር የቦቲ አሻራ ብቻ አለ፤ እሱም ወደ ደጅ የዞረ፣ ጎን ለጎን። በላዩ ላይ የበረባሶ ዱካ አልፎበታል።

«ይኼ ሰው ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ምን ያያል?» አለ ዋሴ።

«ሰው አይደለም ሃምሳ አለቃ» አለች ታንጉ። «ጫማ ነው። ወንድሜ ከዚያ አገር ያመጣው አመል ነው። እንግዳ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባ። እንግዳው ሲቀመጥ ወንድሜ ይወጣና ጫማውን አዙሮ፣ በስተግራ አሰልፎ ያስቀምጥለታል፤ ሲወጣ ሳይጎነበስ እንዲያጠልቅ ብሎ። የራሱን ደግሞ ወደ ቀኝ ያሸሻል። ስንቴ ሥቀንበታል!»

ዋሴ በጣቱ አሻራውን ለካ። ጥልቀቱ የጥፍር ውፍረት እንኳ አይሞላም። ሰው ያልቆመበት ጫማ ነው የተወው።

«እንዲህ ያለ ቦቲ ያለው ማን ነው?»

«ኮኪት ውስጥ አራት ጥንድ ነው ያለ። አንዱን ወንድሜ እዚያው ሳለ ለበረዶው ገዛው። ሦስቱን በኋላ ያሠለጠኑት ሰዎች ላኩለት፤ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁጥር። ለመጋዘኑ ሽኩር ሰጠ፣ ለትራክተር ነጂው ለውባንተ ሰጠ። ሦስተኛውን ደምለው ሊቀ መንበር ስለሆነ ወሰደ።»

ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር ነበር፦ አንድ የታሸገ ደብዳቤና የጃፓኑ ማስታወሻ ደብተር። ዋሴ ደብዳቤውን ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ለሚመጣው ክረምት ወደዚያች ከተማ የሚሄደውን አንድ ሠልጣኝ ይጠቁማል፤ የተጻፈው ስም ፋናዬ፣ የእርሻ ጣቢያው የምርጥ ዘር ክፍል ሠራተኛ ነው። ታንጉ ስሙን ስትሰማ ደነገጠች።

«ውባንተ መስሎኝ! ኮኪት ሁሉ የሚያውቀው ውባንተ እንደሚሄድ ነው።»

ዋሴ ደብተሩን ገለጠ። «ዛሬ በረዶው መስኮቱን አለፈ» ይላል አንዱ ገጽ። «በላይኛው ፎቅ በኩል ወጣን። ሲወርድ ድምፅ የለውም፤ እንደኛ በረዶ ቆርቆሮ አይደበድብም። በር ላይ የሁሉም ቦቲ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት እማማ ኪኩ ስሜን በቋንቋቸው በቀይ ቀለም ከውስጥ ጻፉልኝ።» ከሥሩ አምስት እንግዳ ፊደላት እንዳሉ ተቀድተዋል።

ወጥቶ በስተግራ የቆመውን ቦቲ አንሥቶ ውስጡን አየ። ነጭ የፋብሪካ ማኅተም ብቻ ነበረበት። መልሶ በነበረበት አቆመው።

ከዚያ ሦስቱን ሰዎች በየተራ አነጋገረ። ሦስቱም ቦቲ ተጫምተው ነው የመጡት፤ በነሐሴ ዋልካ ላይ ሌላ ጫማ አይሆንም።

ሽኩር ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ መስጊድ ነበር። «ወላሂ፣ ያ ሰው አራት ኩንታል በረዶ አውርቶልኛል፤ አንድ ኩባያ እንኳ አላቀመሰኝም» አለና ዐይኑ እንባ ሞላ።

ደምለው ስብሰባ ላይ ነበር። «ሲጠየቁ ስብሰባ የሚሉ ሰዎች ይበዛሉ» አለ ዋሴ። ደምለው ቃለ ጉባኤውን አወጣ። በዚያው ወረቀት ጀርባ ለብሔራዊ ውትድርና የተመረጡት ስም ነበር፤ ሦስተኛው ውባንተ ነው።

«ይኼኛውስ መቼ ይሄዳል?»

«በዐሥር ቀን። ውጭ አገር ካልተላከ በቀር።»

ውባንተ ረጅም፣ ትኩር ብሎ የሚያይ ወጣት ነው። ዋሴ ስለ ግድያው አልጠየቀውም። «የዚያች ከተማ መንገድ በበረዶ አይዘጋም ወይ?» ሲል ጠየቀው።

«አይዘጋም! መንገዱ መሐል የተቀበረ ቧንቧ አለ፤ ሞቅ ያለ ውሃ እየረጨ ያቀልጠዋል። ጣራ የሚጠርግ ሰው ገመድ ወገቡ ላይ ያስራል፤ ብቻውንም አይወጣም። ማታ ሁሉም እግሩን ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ከቶ ብርድ ልብስ ይለብሳል፤ እሳቱ ከሥር ነው።»

«ያየህ ትመስላለህ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰማው» አለ ውባንተ። «እዚህ ቤት እግሬ ከረገጠ ግን አራት ቀን አለፈው።»

«እሺ» አለ ዋሴ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል የጎንደሩ መኪና ሾፌር ጥሩምባውን መንፋት ጀመረ። ዋሴ ሁሉንም በጀምበሩ ቤት ሰበሰበ፤ አገኘሁንም አስገባው።

«በሟቹ ቤት በሟቹ ደንብ» አለ። «ጫማ አውልቁ።»

ደምለው አጉረመረመ፤ አወለቀ። ተቀመጡ።

«ይኼን ልጅ በሩጫው ነው የያዛችሁት» ሲል ጀመረ ዋሴ። «ደሙ ግን ደርቆ ነበር። ጀምበሩ የሞተው ትናንት ማምሻውን ነው፤ የልጁ ዱካ ዛሬ ጧት የተረገጠ ነው፣ ከሌላው አሻራ በላይ ነው ያለ። በረንዳው ላይ የሁለት ጥንድ ባዶ ቦቲ አሻራ አለ፤ ወደ ደጅ የዞረ። ጫማው የሚዞርለት እንግዳ ነው። እንግዲህ ገዳዩ በሰላም ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ተቀመጠ። በረባሶ ሳይሆን ቦቲ ያለው ነው። ሦስት ናችሁ።»

«አራት ጥንድ ነው» አለ ደምለው። «የሟቹ በር ላይ ቆሟል።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የሟቹ ቦቲ ግን ስሙ ተጽፎበታል፤ በር ላይ የቆመው ስም የለውም። የሟቹ አይደለም። እንግዲህ የጀምበሩን ቦቲ የተጫማ ሰው አለ ማለት ነው።»

ጥሩምባው ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«እንግዳው ሲገባ ጫማውን በስተቀኝ ተወው። ጀምበሩ ወጥቶ ወደ ግራ አዞረለት፤ የራሱን በስተቀኝ አደረገ። እንግዳው መትቶ ሲወጣ ፊት ለፊቱን አላየም፤ መጀመሪያ ጫማውን ከተወበት ቦታ ቦቲ አንሥቶ ደፉ ላይ አጠለቀ። መጠኑ አንድ ነው፣ መልኩ አንድ ነው። ውስጡን ቢያይም እንኳ የፋብሪካ ጽሑፍ ይመስለዋል። እዚህ አገር ያንን ፊደል ማን ያነባል?»

በረንዳው ላይ ከተደረደሩት ሦስት ጥንድ ቦቲዎች አንዱን አንሥቶ አፉን ገልብጦ አሳያቸው። ከነጩ ማኅተም በታች ቀይ ቀለም ነበር፤ አምስት ፊደል። ደብተሩን ጎኑ አስቀመጠ። አንድ ናቸው።

«የማን ነው?» አለ ሽኩር፣ ቀስ ብሎ።

ውባንተ ባዶ እግሩን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

«እኔ ነኝ የምሄደው ብዬ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ለእናቴም ነግሬያለሁ። ለፋናዬ ጻፍኩ አለኝ። ለምን ስለው፣ አንተ ከሄድክ አትመለስም አለኝ። እሷ የምታስታምማት እናት አላት፣ ትመለሳለች፣ ትራክተሩም ሰው ያገኛል አለኝ። ዐሥር ቀን ነው የቀረኝ ጋሼ አልኩት። እያየኝ ዝም አለ። ዝም ባይል...»

«ዝም ባይል?» አለ ዋሴ።

«አላውቅም።»

ታንጉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደምለው ቃለ ጉባኤውን አጣጠፈ። ዋሴ የአገኘሁን ገመድ ፈታና በዚያው ገመድ የውባንተን እጅ አሰረ።

በሩ ላይ ሲደርሱ ውባንተ ቆመ። እግሩ በልማድ ቦቲውን ፈለገ። የተጫማው ቦቲ በዋሴ ብብት ሥር ነው፤ በስተግራ የቆመው የራሱም ቢሆን ማስረጃ ሆኗል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ደብተሩ ላይ በረዶው ሲወርድ ድምፅ የለውም ይላል?»

ዋሴ ገጹን ማየት አላስፈለገውም። «ይላል።»

«ለኔም እንደዚያ ነበር የሚለኝ» አለ ውባንተ፤ በባዶ እግሩ ጥቁሩን ጭቃ እያቦካ ወደ መኪናው ሄደ። መኪናው በሰዓቱ ተነሣ።

ታንጉ ከወንድሟ ጣሳ ሁለት ኪኒን አውጥታ ለአገኘሁ ሰጠችው። ውሃ አጠጣችው። ልጁ እጅ ነሥቶ ወደ በሩ ሲመለስ ድንገት ቀጥ አለ። ሲገባ ዝም ብሎ ወርውሮት የነበረው በረባሶ ጎን ለጎን ተሰልፎ፣ አፍንጫው ወደ ደጅ ዞሯል።

«ማን ነው የነካው?» አለ፣ በፍርሃት።

«እኔ ነኝ» አለች ታንጉ። «በል አጥልቅና ሂድ። አትሩጥ።»