ከአዳራሹ ጠረጴዛ ሥር

የታኘከ ማስቲካ እጠላለሁ። በተለይ ሰው አፍ ውስጥ ከርሞ ጠረጴዛ ሥር የተለጠፈውን፣ ኤጭ! ሳስበው ያቅለሸልሸኛል።

በትምህርት ቤታችን ደንብ፣ ወላጆች ትምህርት ቤቱን የሚያዩበት የጉብኝት ምሽት ሲቃረብ ያረፈደ ተማሪ የአዳራሹን ጠረጴዛዎች ማስቲካ ይፍቃል። እኔ የሲክስዝ ፎርም፣ ማለትም የመጨረሻው እርከን ተማሪ ነኝ፤ የተማሪዎች ተጠሪ ነኝ። አውቶቡስ ግን አመለጠኝና ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። እዚያ ኪራን በጀርባው ተንጋሎ ይፍቃል።

ኪራንን ሁሉም «ዶሮው» ነው የሚለው። ጠዋት ጠዋት የአባቱን ዶሮ ቤት ጠርጎ ስለሚመጣ ኩስ ኩስ ይሸታል። አፍንጫዬን ያዝኩ።

«ያዢው፣ ያዢው» አለ እየሳቀ። «ይቺ ማስቲካ ግን ከእኔም ትብሳለች።»

«እፉ! ፀጉር አለባት እኮ!»

«መፋቂያውን አምጪው፣ አንቺ አትችያትም።»

መፋቂያውን ሲቀበለኝ ዓይን ለዓይን ገጠምን። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው። በማግስቱ አውቶቡሱ እያየሁት ሄደ፤ ሆን ብዬ አረፈድኩ።

ሳምንቱን ሙሉ እየፋቅን ስናወራ ከረምን። የእንስሳት ሐኪም መሆን ይፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ትምህርቱን እዚህ መጨረስ አለበት።

በጉብኝቱ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ፔንፎልድ መጣና የጠረጴዛዎቹን ሥር በጣቱ ዳሰሰ። «ድንቅ ነው!» አለ። ከዚያ ወደ ኪራን ዞሮ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው ከማስቲካው ብሶ አንገሸገሸኝ።

«አንተ ማታ ባትመጣ ይሻላል። የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሊመርጡ የሚመጡ ወላጆች አሉ። ሽታው... ገባህ አይደል?»

ኪራን መፋቂያውን አስቀምጦ ወጣ። በር ላይ ደረስኩበት።

«ከእንግዲህ አልመለስም፣ ታምሲን።»

«ሐኪምነቱስ?»

«ዶሮ ሐኪም ይሆናል እንዴ?»

«ማታ ከአዳራሹ ጀርባ ጠብቀኝ» አልኩት። «እባክህ።»

ማታ አዳራሹ ጢም አለ። እንደ ተጠሪነቴ እንግዶቹን በንግግር የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ንግግሬን ያረመው ሚስተር ፔንፎልድ ራሱ ነው። «ደጃችን ለሁሉም ክፍት ነው» የምትለዋ ጋ ስደርስ ቋቅ አለኝ፤ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«እስቲ እጃችሁን ከጠረጴዛው ሥር አስገቡ» አልኩ። ሰው ግራ እየገባው ዳሰሰ። «ንጹሕ ነው አይደል? እየተንጋለለ የፋቀው ኪራን ነው። አሁን ውጭ ቆሻሻ መጣያው ጋ ቆሟል፤ የዶሮ ቤት ሽታው እናንተ ጋ እንዳይደርስ ተብሎ።»

«ታምሲን!» ሚስተር ፔንፎልድ ቲማቲም መሰለ።

ከኋላ አንድ ወፍራም አባት ተነሣ። «እኔም ከላም በረት ነው የመጣሁት። ልውጣ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ኪራን ውጭ ቆሞ እነሱ መሳቃቸው አስጠላኝ። የተጠሪነት ዓርማዬን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩና ወጣሁ።

ኪራን ዝናብ እየደበደበው በመስኮት ሲሰማ ነበር።

«አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ?»

«አዎ። ና፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን።»

አውቶቡስ ውስጥ ከፊታችን የነበረችው ሴትዮ አፍንጫዋን ይዛ ወንበር ቀየረች። እኔ ራሴን የረጠበ ጃኬቱ ላይ ጣል አደረግሁ። ሸተተኝ፤ አልተነሣሁም።

«ነገ ትመጣለህ?»

ጉም የሸፈነውን መስኮት በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ እጄን ያዘኝ።

«አረፍዳለሁ» አለ።

«እኔም» አልኩት።